ለስፌት የተተወ አራት ጣት

በዚያ ቀን መጅሊሱ፣ ማለት የእንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ማዳም ነበረች፤ ማስክ በማስክ ላይ ደርባ በሩ አጠገብ ቆማለች። ከዱባይ የመጣው የፕላን ቢሮው አለቃ ነበረ፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከመኪናው ከወረደ ጀምሮ እጁን ሦስት ጊዜ በሳኒታይዘር ያሸ ሰው ነው። የግንበኞቹ ፎርማን ጠመኔውንና ክሩን ይዞ ነበረ። የቤቱን ፕላን የሠራችው ልጅ ነበረች፤ የአገሬ ልጅ ናት። አምስተኛዋ የቤቱ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ሁለቱን የማዳም ልጆች አልቆጠርኳቸውም፤ ፎቅ ላይ በየታብሌታቸው ፊት ተቀምጠው ትምህርት ላይ ነበሩ፤ የአስተማሪያቸው ድምፅ ግን እስከ ታች ይሰማል። ከእኛ ሌላ በክፍሉ መካከል ፕላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ዊልቸር ቆሟል። ሁላችንም የምናየው እሱን ነበር።

ዊልቸሩ የተገዛው ለማዳም እናት ነው። ሀጃ እንላቸዋለን። ኮሮና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዱባይ ወንድ ልጃቸው ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕራሲዮን ተደርገው ሲወጡ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ልጃቸው ጋ፣ ከብዙ ፎቅ በላይ፣ ሊፍቱን እየፈሩ ተቀመጡ። በየቀኑ ይደውላሉ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ቤቴ ውሰዱኝ። ቤታቸው ይሄ አጅማን፣ አል ጁርፍ ያለው ቪላ ነው፤ መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ግን ፎቅ ላይ ናቸው። ማዳም አሰበች አሰበችና መጅሊሱን ለሁለት ልታስከፍለው ወሰነች። በዚያ ጊዜ እንግዳ የሚባል አይመጣም፤ ያ ትልቅ ክፍል ሶፋውን ታቅፎ ባዶውን ይውላል። ግማሹ ለሀጃ መኝታ ቤት ይሁን፣ ከጎኑ ዊልቸር የሚዞርበት መታጠቢያ ቤት ይሠራለት አለች።

ለዚህ ፕላን ያስፈልጋል፤ ለፕላን ደግሞ ቤቱ መለካት አለበት። ማዳም ግን ከውጭ ሰው አታስገባም። ትንሿ ልጇ አስም አለባት። የሱቅ ዕቃ እንኳ በር ላይ ተቀብዬ፣ ቲማቲሙን በሳሙና አጥቤ፣ የሩዙን ከረጢት በክሎሪን ጠርጌ ነው የማስገባው። እውነቱን ለመናገር ማዳም ከምታዘኝ በላይ ነበር የማጥበው። አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብታ ታየኝና፣ ኸላስ በቃ፣ ሽንኩርቱ ራሱ ጉንፋን ሊይዘው ነው ትለኛለች።

ስለዚህ ቢሮው መላ አመጣ። የቤቱ ሰው ይለካ፣ የእኛ ሰው በስልክ ይምራው አሉ። ማዳም የባንክ ሥራዋን ከቤት ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተሯ አትነሳም። ሜትሩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ የስልኬን ቁጥር ደግሞ ለቢሮው።

ከቢሮው የደወለችልኝ ሴት በአረብኛ ሰላም አለችኝ። አረብኛዋ እንደ እኔው እያነከሰ የሚሄድ ነው። እኔም እንደምችለው መለስኩላት። ይሄኔ፣

«ሀበሻ ነሽ እንዴ?» አለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራም አልመሰለኝ። ልጅቷ አዲስ አበባ የሕንፃ ትምህርት ተምራ ነው የመጣችው። ዱባይ፣ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ቤድ ስፔስ፣ ማለት አልጋ ብቻ፣ ተከራይታ፣ በአንድ ክፍል ለአራት ይኖራሉ። ሁሉም ቤት ስለሚውል ጠረጴዛው አይደርሳትም፤ በላይኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የምትሠራው። ለሰው ሰፊ ቤት እየሠራሁ እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር ኮርኒሱ ይመታኛል ብላ ትስቃለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ደብረ ብርሃን እህቴ ጋ እንዳለችኝ ስነግራት ግን እትዬ ማለት ጀመረች፤ አንቱም አለችኝ። ገና ነኝ፣ አታስረጂኝ ብላትም እምቢ አለች።

የመጀመሪያውን ቀን ወጥ ቤቱንና ኮሪደሩን ለካሁ። የሜትሩን ጫፍ ከግድግዳው ጥግ አስነካና ሌላኛው ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አነባለሁ፤ ከማዳም ልጅ በለመንኩት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ያደግሁት ልብስ ሰፊ አክስቴ ጋ ነው፤ እጄ ከሜትር ጋር የተዋወቀው ያኔ ነው።

በማግስቱ መጅሊሱ ውስጥ ያለውን ሶፋ እየገፋሁ ስዘገይ እሷ በስልኩ ላይ ሆና እየጠበቀች ታወራኛለች። በዚያ መካከል ነው የነገረችኝ። ከቢሮው ሰው ግማሹ ተሰናብቷል። ቢሮው አንድ አዲስ ትምህርት ቤት የመንደፍ ሥራ አግኝቷል፤ አለቃዋ ለዚያ የሚያስቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ የአል ጁርፍ ቤት መፈተኛሽ ነው ብሏታል። ፕላኑ ያለ እንከን ከወጣ ትምህርት ቤቱ ላይ ትገባለች፤ ካልወጣ ቪዛዋ አይታደስም፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እሷ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ። ትምህርት ቤት መሥራት ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትመኘው ነገር እንደሆነም ጨመረችልኝ።

ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ሜትሩ እጄ ላይ ከበደ። አንዲት ቁጥር ብሳሳት የሰው ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ ታየኝ። እኔ በተፈጥሮዬም ፈሪ ነኝ፤ ልጄ ሳል ሲይዛት እዚህ ሆኜ ደረቴን የሚያመኝ ሰው ነኝ።

አክስቴ የምትለው ነገር ነበራት፤ የረዘመ ይቆረጣል፣ ያጠረ ከየት ይመጣል? ደንበኛ ስትለካ ሜትሩን ትዘረጋና መጨረሻው ላይ አራት ጣቷን ታጋድማለች። ያ ለስፌት ነው፤ ለልጅ ከሆነ ለማደጊያም ነው። ጮክ ብላ የምትጠራው ቁጥር አራቱ ጣት ያለበትን ነው፤ እኔም እሱን እጽፋለሁ። ትርፉ አለበት ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልብስ ሰፊ ቤት የሚጠራ ቁጥር ሁሉ ስፌቱ ያለበት ነው፤ አይነገርም፣ ይታወቃል። ለልጄም የትምህርት ቤት ልብሷን እዚሁ በሀጃ የስፌት መኪና እየሰፋሁ በሰው እልክላታለሁ። አውሮፕላን ከመቆሙ በፊት የላክሁት ላይ አራት ጣት ትቼ ነበር፤ እህቴ ሁለቱን ጣት ፈትቼዋለሁ፣ ቁመቷ አያስተኛኝም ብላኛለች።

ስለዚህ ፈራሁና እንደ አክስቴ አደረግሁ። ከመጅሊሱ ጀምሬ እያንዳንዱን ግድግዳ ከለካሁ በኋላ መጨረሻው ላይ አራት ጣቴን አጋድሜ ያንን ጻፍኩ። ወጥ ቤቱና ኮሪደሩ ባዶ ቁጥራቸውን መቅረታቸው ደግሞ አላስቀመጠኝም፤ ተመልሼ ለካኋቸውና ደወልኩላት።

«የትናንቱን ተዪው ልጄ፤ ትክክሉ ይሄ ነው» አልኳት።

እንደ እርስዎ የሚጠነቀቅ ሰው ቢሮአችንም የለ አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ወጥ ቤት ሆኜ ሩዝ እያጠብኩ እንኳ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ልኬቱ ከሳምንት በላይ ወሰደ፤ የቤት ሥራዬን ጨርሼ ነው የምለካው። ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ሥራ ገና ሳታገኘው በልቧ ጀምራዋለች። አንድ ቀን ዘወር ብላ፣ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት የማዳምን ልጆች ስቀበል የት እቆም እንደነበር ጠየቀችኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከአጥሩ ውጭ ነው አልኳት። ጠዋት የአጥሩ ጥላ በእኛ በኩል ነው፤ ልጆቹ በሚወጡበት ሰዓት ግን ጥላው ወደ ውስጥ ይገባና ፀሐዩ ለእኛ ይቀራል። ሾፌሮቹ መኪናቸው ውስጥ ኤሲ ከፍተው ይጠብቃሉ። እኛ ሠራተኞቹ፣ ፊሊፒኗም፣ ኢንዶኔዥያዋም፣ ሀበሻዋም፣ የልጆቹን ውኃ ይዘን፣ እሱንም ሳንጠጣው፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ለሦስት እንጠጋጋለን። መቀመጫስ አለችኝ። የአጥሩ ድንጋይ አለ፣ ግን ይጠብሳል አልኳት። ስትጽፍ የጣቶቿ ድምፅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

ፕላኑ ሲደርስ ማዳም በትልቅ ወረቀት አሳትማ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። እኔ ብዙም አልገባኝም፤ ሁሉም መስመር ነው። ልጅቷ በስልክ አነበበችልኝ። ይሄ የሀጃ አልጋ ነው፣ ይሄ ክብ ዊልቸሩ የሚዞርበት ነው፣ ክቡ ግድግዳውን ከነካ መታጠቢያ ቤቱ አይሆንም ማለት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግማሹ ከመጅሊሱ፣ ግማሹ ከጎኑ ካለው ዕቃ ቤት ተቆርጦ የሚሠራ ነው። ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ ያለው የእኔ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ሁለት ትንንሽ መስመሮች ነበሩ። ምንድን ነው አልኳት። መስኮት ነው አለችኝ። ክፍሌ መስኮት አልነበረውም። ማዳም አላዘዘችም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ግድግዳው ሲፈርስ አብሮ ቢከፈት ምንም አይከብድም ብላ ለማዳም ነግራት፣ ማዳምም እሺ ብላ ኖሯል።

መንገዱ ላላ ሲል ፈቃድ ወጣና ግንበኞቹ መጥተው በመጅሊሱና በዕቃ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ አፈረሱ። ፎርማኑ ፕላኑን እያየ የአዲሶቹን ግድግዳዎች ቦታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ማስመር ጀመረ። አሰመረ፣ ለካ፣ አጠፋ፣ እንደገና አሰመረ። ከዚያ ወደ ማዳም ሄዶ ሙሽኪላ፣ ችግር አለ፣ ወረቀቱና ቤቱ አልተስማሙም አለ። ማዳም ቢሮው ጋ ደወለች። በማግስቱ አለቃውና ልጅቷ መጡ። ያ ነው ከላይ የጻፍኩት ቀን።

ልጅቷን በአካል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ከድምፅዋ ረጅም ትመስለኝ ነበር፤ ትከሻዬ ጋ ነች። መሳሳም ስለማይቻል ክርን ለክርን ተነካካን። ዓይኗን ሳየው እንቅልፍ እንዳላገኘች አወቅሁ።

አለቃው ብዙ አልተናገረም። ዊልቸሩ ይሞከር አለ። ማዳም፣ አንቺ ተቀመጪበት አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ ፕላስቲኩ ከሥሬ ተንኮሻኮሸ። ፎርማኑ ገፍቶ በጠመኔ የተሰመረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስገባኝና አዞረኝ። ገና ግማሽ ሳልዞር ግራው ጎማ መስመሩን አልፎ ወጣ። መልሶ አዞረኝ። አሁንም ወጣ። ወለሉ ላይ ጠመኔ ስለሆነ ነው እንጂ ግድግዳ ቢሆን እግሬ ተላትሟል።

አለቃው ሜትሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ። መጅሊሱን ለክቶ ወረቀቱን አየ። ዕቃ ቤቱን ለክቶ ወረቀቱን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ማን ነው የለካው ብሎ ጠየቀ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህቺን ግን ገባኝ።

ልጅቷ ወደ እኔ አልዞረችም። ጥፋቱ የእኔ ነው አለችው። እሱም ገባኝ።

እኔ ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ወረቀቱና ቤቱ ለምን እንዳልተስማሙ ያወቅሁት እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ጎማው መስመሩን ሲያልፍ የወጣው ልክ እንደ ጨርቅ ትርፍ ነበር። ብናገር ማዳም ታባርረኝ ይሆን አልኩ። ልጄ ታየችኝ፣ እህቴ ታየችኝ። ዝም ብል ደግሞ ይህቺ አጠገቤ ያለችው ልጅ ናት የምትባረረው፤ እሷም እናት አላት። እናቷ ስሟን እንኳ የማታውቃት አንዲት ሴት ሜትር ይዛ ልጇን እንዳስባረረቻት አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

እጄን አነሳሁ፤ አና አልኩ፣ በአረብኛ እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ቀሪውን በአረብኛ የምናገርበት ቃል ስላልነበረኝ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ለስፌት የተውኩት ነው» አልኳት።

«ምኑን?»

«አራት አራት ጣት። እንዳያጥርብሽ ብዬ።»

ዓይኗ ወደ ጣቶቼ ወረደ።

«በሁሉም?»

«በሁሉም።»

«በሩስ? መስኮቱስ?»

«በሩም፣ መስኮቱም። አንድም የዘለልኩት የለም፤ የመጀመሪያውን ቀን እንኳ መልሼ አስተካክዬልሻለሁ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማስኩ ፊቷን ስለሸፈነው እያለቀሰች ነው ብዬ ደነገጥኩ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን ሳቅ ነው።

«እትዬ፣ ግድግዳ እኮ አይታጠፍም» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ ለአለቃዋ ማስረዳት ጀመረች። እየተረጎመች ትነግረኝ ስለነበር ምን እንዳለችው አውቃለሁ። ሴትዮዋ ያመነችው በተማረችው ነው፤ እኔ ግን የውጭውን ግድግዳ አስለክቼ ከውስጡ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ፣ አላስለካሁም፣ ስለዚህ ጥፋቱ አሁንም የእኔ ነው አለችው። ግን ስህተቱ በሁሉም ላይ እኩል ከሆነ መቀነስ ይቻላል። ወደ እኔ መጥታ፣ እጅዎን ይስጡኝ አለችኝና አራቱን ጣቶቼን አጋድማ በሜትሩ ለካቻቸው። ሰባት ሴንቲ ተኩል ናቸው። በዚያ ዕድሜዬ ጣቴ ተለክቶ አያውቅም ነበር።

አለቃው መጅሊሱን ለካ፤ እሷ ወረቀቱ ላይ ካለው ሰባት ተኩል ቀንሳ ቁጥሩን ጠራች። አንድ ሆነ። ወጥ ቤቱን ለካ፤ ቀንሳ ጠራች፤ አንድ ሆነ። የኮሪደሩን በር ለካ፤ አንድ ሆነ። ሰውዬው ሜትሩን ለቀቀውና ወደ ቦታው ሲጠቀለል እያየ ቆየ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ብዙ የተሳሳተ ልኬት አይቻለሁ፤ እንዲህ በሥርዓት የተሳሳተ ግን አላየሁም ብሎ ነው።

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። ሌሽ አለችኝ፤ ለምን ማለቷ ነው። ጎንበስ ብዬ የቀሚሴን ጠርዝ ገልብጬ ውስጡ የታጠፈውን አሳየኋት። ለስፌት፣ ካጠረ መድኃኒት የለውም አልኳት። እጥፋቱን አየችው። እናቷ በልጅነቷ ለዒድ የሰፉላትን ቀሚስ ጠርዙን እየፈቱላት ለሦስት ዒድ እንደለበሰችው ለአለቃው ነገረችው፤ በሦስተኛው ዒድ አበባው ሁሉ ለቆ ነበር፣ ርዝመቱ ግን ልክ ነበር አለችው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ፣ ያላ ሙሀንዲሳ፣ አስተካክዪው አለቻት። መሐንዲሷ ማለቷ ነው።

ያም ሆኖ መታጠቢያ ቤቱ ጠቧል። ከመጅሊሱ አራት፣ ከዕቃ ቤቱ አራት፣ ስምንት ጣት ጎድሎታል። አለቃው እስክሪብቶውን አውጥቶ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ወደ እኔ ክፍል ገፋው፤ ከሠራተኛዋ ክፍል ይወሰድ አለ። እኔ ቶሎ ብዬ ይወሰድ አልኩ። ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ከእኔ ቢወሰድ ቅር አይለኝም ነበር። ልጅቷ ግን ሜትሩን ይዛ ክፍሌ ገባች። አልጋዬን ለካች፣ ግድግዳውን ለካች። ስትወጣ፣ ከዚህ ከተወሰደ አልጋው አይገባም፤ ሴትዮዋ ጉልበቷን አጥፋ ነው የምትተኛው አለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን አላነሰም። ሌላ መንገድ ስጪኝ አላት።

የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበትና ጉልበቷ ላይ ወረቀት አድርጋ መሥራት ያዘች። ለካስ የለመደችበት ነው። ፎርማኑ ሻዩን ጠጣ። ፎቅ ላይ የማዳም ልጆች መምህር ስም እየጠራች ነበር። በሩ ወደ ውስጥ መከፈቱ ቀርቶ በግድግዳው ላይ የሚንሸራተት ሆነ፤ እጅ መታጠቢያው ትንሽ ሆኖ ጥግ ገባ፤ ኮሪደሩ ላይ የነበረው የግድግዳ መደርደሪያ ፈርሶ ቦታው ለመታጠቢያ ቤቱ ተሰጠ። ፎርማኑ አዲሱን መስመር በጠመኔ አሰመረ። እኔ ወደ ዊልቸሩ ስሄድ ማዳም ከለከለችኝና ራሷ ተቀመጠችበት። አባያዋን ሰብስባ፣ ጎማዎቹን በገዛ እጇ እየገፋች ገባችና ዞረች። ሙሉ ዞረች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በጎማውና በመስመሩ መካከል ሁለት ጣት ተርፏል።

አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ለልጅቷ መልሶ ሰጣት። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ አንድ ነገር ብሏት ወደ መኪናው ሄደ። እሷ ከኋላው ቀርታ ክርኔን በክርኗ መታችኝ።

«እዚሁ ቀረሁ እትዬ፣ አልሄድም» አለችኝ።

ሀጃ የመጡት ቀለሙ በደረቀ በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ያሉት፣ ሴራሚኩ ነጭ ነው፣ ሆስፒታል አስመሰላችሁት ነው። ማዳም የአራቱን ጣት ነገር ስትነግራቸው ግን ከእኔ ጎን ቆሙ። ዋላሂ ልክ ናት፣ ጥፋቱ የግድግዳው ነው አሉ። አሁን በዊልቸራቸው ገብተው ብቻቸውን ይታጠባሉ፤ በሩን ከውስጥ መዝጋት ስለቻሉ ብቻ ደስታቸው አያልቅም። የእኔ መስኮት ትንሽ ነው። የሚያሳየው የጎረቤትን አጥርና አንድ የቴምር ዛፍ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ነግቷል አልነጋም ብዬ ስልክ አላይም፤ ዛፏን አያለሁ።

ልጅቷ ትምህርት ቤቱ ላይ ገባች። አልፎ አልፎ እየደወለች ትነግረኝ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱን በር ሥዕል ላከችልኝ። ከአጥሩ ውጭ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከላዩ ጥላ የሚሆን ጣሪያ ተዘርግቷል፤ ጥላው ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩልም ሆነ በስምንት ሰዓት ወንበሩን እንደማይለቅ አስልቻለሁ ብላ ጻፈችልኝ። ከጎኑ የውኃ ቧንቧ አለ። ወንበሩ ላይ ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ፊት የላትም፣ ቅርጿ ብቻ ነው። ሥዕሉን ለልጄ ላክሁላት። ማን ናት አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ልጆቹስ የታሉ አለችኝ። ገና አልወጡም፣ እየጠበቅኋቸው ነው አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያጠፋሁት ደግሞ ይሄ ነው። ስልኬን በየቀኑ በክሎሪን ጨርቅ እጠርገው ነበር፤ አንድ ቀን ጨርቁ ውኃ በዝቶበት ስልኩ ጠፋና አልበራም አለ። የልጅቷ ቁጥር ከሱ ጋር ሄደ። ማዳም ያላት የቢሮው ቁጥር ብቻ ነው፤ እዚያ ደውላ ጠየቀችልኝ፤ የሚነሳ ስልክ የለም። አርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የዲስከቨሪ ጋርደንስ ልጆችን ጠየቅሁ፤ አንዷ ወደ አቡዳቢ ተዛውራለች አለችኝ፣ ሌላዋ ቢሮው ተዘግቶ አገሯ ገብታለች አለችኝ። ሻርጃ፣ አል ተዓውን አካባቢ ስናልፍ አዲስ ትምህርት ቤት ባየሁ ቁጥር ሾፌሩን ቀስ በል እለዋለሁ። በሩ ላይ ወንበር ያለው እስካሁን አላገኘሁም፤ ምናልባት የእሷ በሌላ በኩል ይሆናል።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፈውም፤ አጭር ናት፤ ሳቋ ትከሻዋን ያንቀጠቅጠዋል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከእሷ የምትበልጥን ሴት ሁሉ እትዬ ትላለች። የምታውቋት ካላችሁ ሥራዋ ላይ መሆኗን፣ ትምህርት ቤቱም መሠራቱን ንገሩኝ። ይህ ባይሆን እንኳ ደኅና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።